በ«አንደርወርልድ» ሁለተኛ ክፍል ላይ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በደሴ ከተማ ቅዳሜ ማታ እየተሰበሰብን ፊልም የምናይ ወዳጆች፣ ባለፉት ሦስት ሳምንታት የ«አንደርወርልድ»ን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች በወጡበት ቅደም ተከተል ተመልክተናል። ከሁለተኛው ክፍል በኋላ የተነሣው ክርክር በአንድ ማታ የሚያልቅ ስላልነበረ፣ ጥያቄ ያላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ እንድትሰጡኝ፣ እኔም ፊልሞቹን ደግሜ አይቼ በጽሑፍ እንድመልስ ተስማምተን ነበር። የኮምቦልቻ ወዳጆቻችን በስልክ መልእክት የላኳቸውንም ጨምሬ እነሆ።

ፊልሞቹን ላላዩ ሰዎች ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። በ2003 በወጣው የመጀመሪያ ክፍል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቫምፓየሮችና ላይካን የሚባሉት ተኩላ ሰዎች ለዘመናት ሲዋጉ ኖረዋል። ሴሊን የምትባለው ቫምፓየር ቤተሰቦቿን የጨረሱት ላይካኖች እንደሆኑ አምና ስትበቀል ትቆይና፣ ገዳዩ እንደ ልጁ የያዛት ቪክተር ራሱ መሆኑን ስትደርስበት በሰይፍ ትገድለዋለች። በ2006 የወጣው ሁለተኛው ክፍል «ኢቮሉሽን» ታሪኩን ሳያቋርጥ ይቀጥላል፤ የመጀመሪያው ቫምፓየር ማርከስ ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ በ1202 የተያዘውን መንትያ ወንድሙን ዊሊያምን፣ ማለትም የመጀመሪያውን ተኩላ ሰው፣ ከታሰረበት ለማውጣት ይነሣል። የሁለቱም ፊልሞች ዳይሬክተር ሌን ዋይዝማን ስለሆነ፣ በመካከላቸው የሚታየውን አለመጣጣም «ሌላ ሰው ስለሠራው ነው» ብለን ልናልፈው አንችልም።

ስመልስ የተጠቀምኩበት መለኪያ አንድ ነው። ገጸ ባሕርይ ሊዋሽ፣ ሊሳሳት ወይም የሚያውቀውን ግማሽ ብቻ ሊናገር ስለሚችል፣ ከዚህ የመጣ አለመጣጣም ስሕተት አይባልም። ፊልሙ ራሱ በዓይናችን ያሳየንን ወይም በቁጥር የነገረንን መልሶ ሲያፈርሰው ግን የሴራ ክፍተት ነው፤ ፊልሙን የቱንም ያህል ብንወደው ክፍተቱን ክፍተት ማለት አለብን።

ጥያቄ (ከሰኞ ገበያ)፦ በመጀመሪያው ፊልም ቪክተር የሴሊንን ቤተሰብ የገደለው የሰው ደም ስለጠማው ነበር። በሁለተኛው ደግሞ አባቷ የዊሊያምን እስር ቤት የሠራ ሰው ስለሆነ ምስጢሩ እንዳይወጣ ነው ተባለ። የትኛውን እንመን?

መልስ፦ ሁለተኛውን ይመኑ፤ ግጭት ግን የለም። የመጀመሪያውን ምክንያት ማን እንደተናገረው ያስታውሱ፦ ቫምፓየሩ ክሬቨን ነው። ክሬቨን ጌቶቹን ከድቶ ከጠላት ጋር የተዋዋለ፣ የላይካኖችን መሪ ሉሲያንን ገደልሁ ብሎ ለስድስት መቶ ዓመት ያህል ሲሞገስ የኖረ ሐሰተኛ ነው። ቪክተር የእንስሳት ደም አልበቃ ብሎት ሌሊት ሌሊት ሰው ያድን እንደነበር ያውቃል፤ ስለ እስር ቤቱ ግን ማንም የነገረው አይመስልም። ሴሊን በሕይወት የተረፈችው የቪክተርን ልጅ ሶንያን (ሉሲያንን በመውደዷ አባቷ ያስገደላትን) ስለምታስታውሰው መሆኑም በሁለቱም ፊልሞች አልተነካም። ይህ ከሁለተኛው ክፍል ጥሩ ሥራዎች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አሮጌውን ታሪክ ሳያፈርስ ከሥሩ ሌላ ምክንያት አስገብቶለታልና።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ዓመቶቹን ደምሬ ቀንሼ አልገጠሙልኝም። ዊሊያም የተያዘው በ1202 ነው። የመጀመሪያው ፊልም መግቢያ ላይ ሉሲያን ከተገደለ ስድስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው ይባላል፤ ይህ ወደ 1400 ገደማ ይወስደናል። ሴሊን ቫምፓየር የሆነችው ሶንያ ከሞተች በኋላ ነው። ታዲያ በ1202 እስር ቤት የሠራ ሰው እንዴት በ1400 ገደማ ልጅ አሳዳጊ ሆኖ ይገኛል?

መልስ፦ ከቀረቡት ሁሉ በጥንቃቄ የታሰበ ጥያቄ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። የልዩነቱን ስፋት በራሳችን ታሪክ ብንለካው ይበልጥ ይታያል። 1202 በላስታ ንጉሥ ላሊበላ የነገሠበት ዘመን ነው፤ 1400 ደግሞ የግማደ መስቀሉ ታሪክ ከስማቸው ጋር የሚነሣው የአፄ ዳዊት ዘመን ነው። አንድ ግንበኛ በላሊበላ ዘመን ድንጋይ ሲጠርብ ኖሮ በአፄ ዳዊት ዘመን ትንሽ ልጁን ያጫውት ነበር ብሎ የሚነግረንን ሰው ማንኛችንም አናምነውም። የሴሊን አባት ደግሞ ተራ ሰው እንጂ ዘላለማዊ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ስሌቱ ላይ ሳይታወቅ የገባ አንድ ግምት አለ። ሶንያ የተገደለችበትን ጊዜና ሉሲያን ተገደለ የተባለበትን ሌሊት አንድ ዘመን አድርገው ወስደዋቸዋል። ፊልሞቹ ግን እንዲህ አላሉም። ስድስት መቶ ዓመት የሚለው የተነገረው ስለ ሉሲያን ሌሊት ብቻ ነው፤ ሶንያ በየትኛው ዓመት እንደሞተች አልተነገረንም። ስለዚህ ዊሊያም በ1202 ተያዘ፣ እስር ቤቱም በዚያው ሰሞን ተሠራ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሶንያ ሞተች፣ ሴሊንም ከዚያ በኋላ ቫምፓየር ሆነች፣ ከዚያ ጦርነቱ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቀጥሎ በ1400 አካባቢ ክሬቨን ሉሲያንን ገደልሁ አለ ብንል፣ ሁሉም በየቦታው ይቀመጣል። በ2009 የወጣው ሦስተኛው ክፍልም ሉሲያን የተወለደው የዊሊያም ወረርሽኝ በነበረበት ዘመን ቪክተር ግንብ ውስጥ መሆኑን ስለሚያሳይ ይህን አደረጃጀት ይደግፋል።

ፊልሙን ግን ሙሉ በሙሉ ነጻ አላወጣሁትም። ይህን ሁለት መቶ ዓመት የሞላሁት እኔ ነኝ። ከሶንያ ሞት እስከ ሉሲያን «ሞት» ሁለት ምዕተ ዓመት እንዳለፈ የሚጠቁም አንዲት ዐረፍተ ነገር በመጀመሪያው ፊልም ውስጥ ብትኖር ኖሮ፣ ይህ ጥያቄ ባልተነሣ ነበር። ተመልካቹ የቅርብ ጊዜ ቂም ነው ብሎ የተቀበለውን ነገር በኋላ ስሌት ሠርቶ እንዲያራዝመው መገደድ አልነበረበትም።

ጥያቄ (ከቧንቧ ውሃ)፦ ቪክተር ማርከስን ይህን ያህል የሚፈራው ከሆነ፣ ለምን በተራ እንዲነግሥ ፈቀደለት?

መልስ፦ ለዚህ ጥያቄ ፊልሙን የሚያድን መልስ አላገኘሁም፤ ከሁሉ የከፋው የሴራ ክፍተት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን በዝርዝር እንየው። በመጀመሪያው ፊልም ሕግ መሠረት ሦስቱ ሽማግሌዎች ማለትም ቪክተር፣ አሚሊያና ማርከስ በየመቶ ዓመቱ ተራ ይገባሉ፤ አንዱ ነቅቶ ሲገዛ ሁለቱ በመቃብራቸው ይተኛሉ። ሁለተኛው ፊልም ደግሞ የዊሊያም እስር ቤት ቁልፍ ለሁለት መከፈሉን፣ አንዱ ቁራጭ በሶንያ የአንገት ጌጥ ውስጥ መደበቁን፣ ሌላው በቪክተር ገላ ውስጥ መቀበሩን፣ ቦታውን ከማርከስ ለመሰወርም የሴሊን ቤተሰብ መታረዱን ይነግረናል። አሁን ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀምጧቸው። ማርከስ በተራው መቶ ዓመት ሙሉ ብቻውን ነቅቶ ሲገዛ፣ ቪክተር የቁልፉን ግማሽ በደረቱ ይዞ፣ ምስጢሩን በደሙ ውስጥ ተሸክሞ፣ ከማርከስ እግር ሥር ባለ መቃብር ያለ ጠባቂ ተኝቷል ማለት ነው። ቫምፓየሮች የሌላውን ትዝታ ከደሙ እንደሚያነቡ በሁለቱም ፊልሞች አይተናል። ማርከስ ከተኛው ቪክተር ጥቂት ደም ቢወስድ የእስር ቤቱን ቦታ ባወቀ ነበር፤ ደረቱን ቢከፍት ደግሞ ቁልፉን ባገኘ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ «የጌጡ ቁራጭ ከሉሲያን ጋር ጠፍቶ ስለነበረ ማርከስ ቢሞክርም አይሳካለትም» ብላችኋል። ይህ ማርከስ ወንድሙን ያላወጣበትን ምክንያት ያስረዳ ይሆናል እንጂ፣ ቪክተርን የሚያህል ተጠራጣሪ ሰው ራሱን እንዲህ አጋልጦ የተኛበትን ምክንያት አያስረዳም። «ማርከስ ከሞተ ቫምፓየሮች ሁሉ ይሞታሉ» የሚለው የማርከስ ውሸትም እዚህ አይረዳም፤ ማርከስን ከሌሎች የሚጠብቅ እንጂ ቪክተርን ከማርከስ የሚጠብቅ አይደለምና። የመጀመሪያው ፊልም ሲጻፍ ማርከስ ገና ስም ብቻ ስለነበረ የተራው ሕግ ችግር አልነበረበትም፤ ሁለተኛው ፊልም ማርከስን የታሪኩ ሁሉ ሥር ሲያደርገው ሕጉን መልሶ ማጤን ነበረበት። ይህን ባለማድረጉ በጣም አዝናለሁ፤ ቪክተር ተንኮለኛ ሆኖ ሳለ በዚህ አንድ ነገር ብቻ ሞኝ እንዲመስል ተደርጓልና።

ጥያቄ (ከዚያው)፦ ትዝታ ከደም የሚነበብ ከሆነ፣ ቪክተር በመጀመሪያው ፊልም ሴሊን ሉሲያን አልሞተም ስትለው ለምን ማስረጃ ጠየቃት?

መልስ፦ ይህ ተመልሷል። የነቃው በሴሊን ደም ቢሆንም፣ ትዝታን አስተካክሎ ማስተላለፍ የሚችለው ሽማግሌ ብቻ ስለሆነ የደረሰው ነገር የተዘበራረቀ ነበር፤ ለዚህም ይገሥጻታል።

ጥያቄ (ከሆጤ)፦ ሴሊን በላይካን ለተነከሰው ሰው ለማይክል በዘላለማውያን የተነከሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደሚሞት ነግራው ነበር። በሁለተኛው ፊልም መክፈቻ ግን የሞቱት የመንደር ሰዎች ተኩላ ሆነው ይነሣሉ። አይጋጭም?

መልስ፦ ይጋጫል፤ ሆኖም ፊልሙ መውጫ አዘጋጅቷል። መንደሩን የነከሰው ዊሊያም ራሱ ነው፤ የእሱ ዘር ወደ ሰውነት የማይመለስ፣ ልጓም የሌለው አውሬ እንደነበረ ይነገረናል። ሴሊን የተናገረችው ከብዙ ትውልድ በኋላ ስላሉት ላይካኖች ነው። በሽታ ከአካል ወደ አካል ሲተላለፍ ጠባዩ ሊለወጥ መቻሉ የሚታመን ነገር ስለሆነ፣ እኔ ተቀብየዋለሁ።

ጥያቄ (ከአንድ አባት)፦ ልጆቹ ይህን ፊልም አይተው «እኛም አገር ወደ ጅብ የሚለወጥ አለ» ሲሉ ሰማሁ። አንድ ነገር ነው?

መልስ፦ አባቴ፣ አንድ አይደለም፤ ልዩነቱን ለልጆቹ ቢነግሩልን ደስ ይለኛል። በፊልሙ ውስጥ የሁሉም ነገር መነሻ በአምስተኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከወረርሽኝ ብቻውን የተረፈው አሌክሳንደር ኮርቪነስ ነው፤ ከልጆቹ አንዱን የሌሊት ወፍ፣ ሌላውን ተኩላ ነከሳቸው፣ ሦስተኛው ሰው ሆኖ ቀረ። ነገሩ የተጸነሰው እንደ ደም በሽታ ነው እንጂ እንደ ዓይን ወይም እንደ ጥንቆላ አይደለም። በእኛ ዘንድ የጅቡ ወሬ ብረት ቀጥቅጠውና ሸክላ ሠርተው የሚያድሩ ጎረቤቶቻችንን ሲያስገልል የኖረ ወሬ ነው፤ ፊልም ለዚያ ማረጋገጫ ሆኖ እንዲቀርብ አልፈልግም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ማርከስ ክንፍ አለው፣ ማይክል ግን የለውም። ሁለቱም ከቫምፓየርና ከላይካን የተዳቀሉ አይደሉም?

መልስ፦ ናቸው። ማርከስ በሌሊት ወፍ የተነከሰው የመጀመሪያው ሰው መሆኑ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ፊልሙ ግን አላብራራውም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ታሪኩ በዚያው ሌሊት የሚቀጥል ከሆነ አገሩ ለምን ሌላ ይመስላል?

መልስ፦ ሌላ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው በቡዳፔስት፣ ሁለተኛው በካናዳዋ ቫንኩቨር አካባቢ ተቀርጿል። ከከተማ ወደ ጫካና ተራራ መሸሻቸው ልዩነቱን በከፊል ይሸፍነዋል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ አሌክሳንደር ኮርቪነስ መርከብ፣ ሄሊኮፕተርና የታጠቁ ሰዎች እያሉት ስምንት መቶ ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አለ?

መልስ፦ ዝም አላለም፤ የልጆቹን ጦርነት ዱካ ከሰው ዓይን ሲያጠፋ ኖሯል። ልጆቹን መግደል ግን አልሆነለትም። ይህ የሴራ ክፍተት ሳይሆን የአባት ድካም ነው፤ ተዋናዩ ዴሪክ ጃኮቢ በጥቂት ትዕይንቶች ብቻ እንድናምነው አድርጎናል። ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። ሊሞት ሲል ደሙን ለሴሊን ይሰጣታል፤ ከዚያ በኋላ የፀሐይ ብርሃን አይጎዳትም። ይህ ኃይል በደሙ ውስጥ እንዳለ ቀደም ብሎ አንዳች ጥቆማ ቢሰጠን ኖሮ፣ መጨረሻው ላይ ፀሐይ ውስጥ ስትቆም የምናገኘው ደስታ በተጠበቀ ነገር መፈጸም የሚገኝ ደስታ ይሆን ነበር። ቀኑ ሲነጋ መኪናው ውስጥ እጇ ሲቃጠል የሚያሳየው ትዕይንት ግማሹን ሥራ ሠርቷል፤ የቀረው ግማሽ የአባትየው ነበር።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ እኔ ሦስተኛውን በትርጉም አስቀድሜ አይቼ ሌሎቹን በኋላ ነው ያየሁት። ጥያቄዬ የበዛው በዚህ ይሆን?

መልስ፦ በከፊል አዎን። ሦስተኛው ክፍል የሉሲያንንና የሶንያን ታሪክ በቀጥታ ስለሚተርክ፣ እሱን ያስቀደመ ሰው በመጀመሪያው ፊልም ውስጥ የቪክተር ውሸት ቀስ በቀስ ሲገለጥ አይደነቅም፤ ክሬቨን ሲናገርም ሐሰተኛነቱን ከመጀመሪያው ስለሚያውቅ የሚናገረውን በጥሞና አይሰማም። በትርጉም ላይ ደግሞ የተርጓሚው ድምፅ የሴሊንን የመግቢያ ትረካ ከሸፈነው «ስድስት መቶ ዓመት ገደማ» የምትለው ሐረግ ታልፋለች፤ የዓመቱን ጥያቄ ለመፍታትም ሆነ ለማንሣት የምታስፈልገው እሷ ናት። በወጡበት ቅደም ተከተል፣ 2003፣ 2006፣ 2009 አድርገው፣ መግቢያውንም በዋናው ድምፅ ደግመው እንዲያዩት እመክራለሁ። የቪክተርን እንቅልፍ ግን በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢያዩት አይፈታም።