ጡትና ኦቫሪ በአንድ ቀን?

«ቢአርሲኤ 1 (የጡትና የኦቫሪ ካንሰር ዕድልን ከፍ የሚያደርግ የዘረመል ለውጥ) አለብሽ ተባልኩ፤ ካንሰር ያለበትን ጡቴን ሲያነሱ ኦቫሪዬንም (እንቁላል ማምረቻዬንም) አብረው ያውጡት ወይ?» ላልሽው፦ ይቻላል፣ ይደረጋልም። ወሳኙ ከዚያ በኋላ ኬሞ አለሽ ወይስ የለሽም የሚለው ነው።

ኬሞ ከቀረሽ ጡቱ ይቅደም ባይ ነኝ። ሁለቱ አብረው ተሠርተው አንዱ ቁስል ቢያመረቅዝ ኬሞው ይዘገያል። ኦቫሪውን ማስወጣት ለቢአርሲኤ 1 የሚመከረው ከ35 እስከ 40 ዓመት፣ መውለድ ሲበቃ ነው። አንቺ 36 ነሽ፤ ሐኪምሽ ካልተቃወመ ጥቂት ወር ይቆያል።

ኬሞ ከሌለ አንድ ላይ ይሁን። አንድ ማደንዘዣ፣ አንድ የሥራ ፈቃድ። በላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ) ከሆነ ብዙም ሰዓት አይጨምርም። ከሆድሽ ሥጋ ተወስዶ ጡት የሚሠራልሽ ከሆነ ግን ኦፕራሲዮኑ በጣም ይረዝማል፤ ሁለቱን ሰርጀኖች አንድ ላይ አናግሪያቸው።

እህቴን በዚህ አስታምሜያለሁ። በእጇ ተደግፋ እንዳትነሳ ደረቷ፣ በሆዷ እንዳትነሳ ስፌቱ። ከአልጋ መውረድ ራሱ ሥራ ነበር፤ ሰው አዘጋጂ። ኦቫሪው ሲወጣ ማረጡ ደግሞ ቀስ ብሎ አይመጣም፤ ሌሊት በላብ የራሰ አንሶላ ነበር የምንቀይረው። የጡት ካንሰር ላለባት ሴት የሆርሞን መተኪያ አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም። ለሙቀቱ ምን እንደሚያዙልሽ ሳትፈርሚ ጠይቂ።