አሻንጉሊቷን ለምን ትወጋታለች?

ጥያቄ፦

የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። አምስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አለችን። ባለፈው ዓመት በሳንባ ምች ታማ ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ ለግሉኮስ የሚሆን የደም ሥር ጠፍቶ አራት ጊዜ ያህል ተወጋች፤ ባለቤቴ እግሯን፣ እኔ ትከሻዋን፣ አንድ ሠራተኛ ደግሞ ክንዷን ይዘን ነበር። ከዚያ ወዲህ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ስታይ፣ የፋርማሲ ባለሙያም ቢሆን፣ ከኋላዬ ተደብቃ ትንቀጠቀጣለች። አሁን ቶንሲሏ እየተመላለሰ ስላስቸገራት ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላት ተቀጥሯል። ባለቤቴ «ምንም አንንገራት፤ ፒያሳ ኬክ ልንበላ ነው ብለን እንውሰዳት» ይላል። እኔ መዋሸቱን አልወድም፤ ምን ብዬ እንደምነግራት ግን አላውቅም፤ በዚህ የተነሣ ከተኮራረፍን ሰንብተናል። አብራን የምትኖረው እናቴ ደግሞ ልጅቷ አልበላም ባለች ቁጥር «ሐኪሙን እጠራዋለሁ!» ትላታለች። ባለፈው እሑድ ልጄ በእስክሪብቶ አሻንጉሊቷን እየደጋገመች ስትወጋ፣ «ዝም በይ! አትንቀሳቀሺ አልኩሽ!» እያለች ስትጮህባት አገኘኋትና ደንግጬ አሻንጉሊቷን ነጥቄ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩባት። ልጄ ጨካኝ እየሆነችብኝ ነው?

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። አሻንጉሊቷን ዛሬ ማታ ከቁም ሣጥኑ አውርደው ይመልሱላት፤ ሲመልሱላትም «ያን ቀን የወሰድኩብሽ ደንግጬ ነው፤ አንቺ ምንም አላጠፋሽም» ይበሏት። ልጅዎ ጨካኝ አልሆነችም። አንድ ትልቅ ሰው ክፉ ነገር ከደረሰበት በኋላ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያወራል፤ በማግስቱ ሌላ ሰው ሲመጣ እንደገና ያወራል፤ ባወራ ቁጥርም ነገሩ ጥቂት በጥቂት እየቀለለው ይሄዳል። የአምስት ዓመት ልጅ ለዚህ የሚበቃ ቃል ገና ስለሌላት የምታወራው በእጇ ነው። ልብ ብለው ካዩት ደግሞ በጨዋታው ውስጥ አንድ ነገር ተገልብጧል፤ ያን ቀን ተይዛ የተወጋችው ልጅ ዛሬ መርፌውን የያዘች፣ የምታዝዝ፣ መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚበቃ የምትወስን ሆናለች። «ዝም በይ፣ አትንቀሳቀሺ» የሚለውም ቃል ከልቧ ያፈለቀችው ሳይሆን ያን ቀን ከራሷ በላይ ቆሞ ከነበረ አዋቂ አፍ የሰማችው ይመስለኛል።

ይህ ጨዋታ ለእኛ አገር ልጆች እንግዳ አይደለም፤ ከእቃ እቃ የተለየ ነገር የለውም። በቆርኪ ወጥ የሠራ፣ በጭቃ እንጀራ የጋገረ ልጅ በዚያው ግቢ ውስጥ ሐኪምም ሆኖ ያውቃል። እኔ ባደግሁበት ሰፈር የጤና ጣቢያውን ባለሙያ ትልልቆቹ «ድሬሰር» ይሉት ነበር፤ እኛም ትምህርት ቤት ክትባት ተወግተን በተመለስን ቀን በጥድ ቅጠል እርስ በርስ ስንወጋጋ እናመሽ ነበር። (ድሬሰር ካልሆንኩ ብሎ የሚጣላው ሁልጊዜ ከሁሉም በላይ ያለቀሰው ልጅ ነበር፤ ይህን ያስተዋልኩት ግን ሙያውን ከተማርኩ በኋላ ነው።)

የሕክምናው ዓለም ይህን ለመቀበል ዘግይቷል። እ.ኤ.አ. በ1952 ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ባለሙያ ለንደን ውስጥ ለቀላል ቀዶ ሕክምና ስምንት ቀን ሆስፒታል የተኛች የሁለት ዓመት ሕፃን በፊልም ቀርጾ አሳየ፤ በጊዜው እንግሊዝ ውስጥ ወላጅ ልጁን የሚጠይቅበት ሰዓት በእጅጉ የተገደበ ነበርና፣ ጸጥ ያለ ሕፃን ደኅና ነው የሚለውን እምነት ያናጋው አንዱ ነገር ያ ፊልም ነው። በ1955 ደግሞ ኤማ ፕላንክ የተባለች መምህርት በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ሆስፒታል የተኙ ሕፃናት የሚጫወቱበትና የሚዘጋጁበት ራሱን የቻለ አገልግሎት ጀመረች። በእኛ ሆስፒታሎች እንዲህ ያለ ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ነገር ቢጎድላቸውም አስታማሚ አይጎድላቸውም፤ እነዚያ አገሮች ብዙ ተከራክረው ያገኙትን የወላጅን አልጋ አጠገብ መሆን እኛ ከድሮም ይዘነው ቆይተናል። ስለዚህ ይህን ሥራ የሚሠሩት እርስዎና ባለቤትዎ ናችሁ።

ስለ ባለቤትዎ አንድ ነገር ልበል። ልጃቸውን ለማታለል የተነሡት እውነትን ስለሚንቁ አይመስለኝም፤ ያን ቀን እግሯን ይዘው የነበሩት እርሳቸው ናቸው። አባት የልጁን እግር ይዞ ልጁ ስትወጋ ማየት ቀላል ነገር አይደለም፤ «አንንገራት» ሲሉ ከልጅቷ ይልቅ ራሳቸውን ከዚያች ሰዓት እያራቁ ሊሆን ይችላል። ከመከራከርዎ በፊት ያን ቀን ምን እንደተሰማቸው ይጠይቋቸው። ስለ ኬኩ ግን ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ። «ኬክ ልንበላ ነው» ተብላ ሆስፒታል የደረሰች ልጅ ከዚያ በኋላ የምትጠራጠረው ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን አባቷንም ነው፤ ጫማ ባደረጉላት ቁጥር «የት ነው የምትወስዱኝ?» ትላለች፤ ኬክ ቤቱም በከንቱ ይበላሽባታል።

የእናትዎ ነገር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አያ ጅቦ ሲጠራ ውሎ ሳይመጣ ይቀራል፤ ሐኪሙ ግን በእርግጥ አለ፣ ሲደርሱም መርፌ ይዞ ይገኛል። አልበላም ስላለች የሚጠራ ሐኪም ቀጪ እንጂ አዳኝ ሊሆን አይችልም። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ደግሞ ማንም ሳይነግራቸው እንኳን የታመሙት ስላጠፉ እንደሆነ ማሰብ ይቀናቸዋል። እናትዎን በልጅቷ ፊት አያርሟቸው፤ ቡና ላይ ለብቻ ሆናችሁ «እማዬ፣ ሐኪሙን ስለምትፈራብን ለጊዜው በእርሱ አታስፈራሪብኝ» ቢሏቸው ይበቃል። የጉሮሮ ነገር በተነሣ ቁጥር የቀድሞው እንጥል የማስቆረጥ ወሬም መነሣቱ ስለማይቀር፣ እሱም ልጅቷ በምትሰማበት ቦታ ባይወራ እመርጣለሁ።

ምን ብዬ ልንገራት ላሉት፣ ቋንቋችን በዚህ ጉዳይ እንደማይራራ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። መርፌ «ይወጉሻል» የምንለው ጦር በሚወጋበት፣ በሬ በሚወጋበት ግሥ ነው፤ «ቀዶ» የሚለውም ከመቅደድ የመጣ ነው። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ቢሮዬ ተቀምጦ «ዶክተሩ ሆዴን እንዲህ ነው የሚቀደው?» ብሎ ፊቱ ያለውን ወረቀት ከጫፉ ትንሽ ቀደደና ቀና ብሎ አየኝ። ወላጆቹ በሹክሹክታ የተነጋገሩትን ቃል ብቻውን ይዞ ስንት ቀን እንደከረመ እግዜር ይወቅ። ለልጅዎ እንዲህ ሊሏት ይችላሉ፦ «ጉሮሮሽ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ነገሮች አሉ፤ ቶንሲል ይባላሉ። ቶሎ ቶሎ ስለሚያምሙሽ ሐኪሙ ያወጣቸዋል። የምትተኚበት ልዩ መድኃኒት ስላለ ሲያወጣቸው አይሰማሽም፤ ሲያልቅ ሐኪሞቹ ይቀሰቅሱሻል። ስትነቂ ጉሮሮሽን ያምሻል፤ ለእሱም ማስታገሻ ይሰጡሻል። የታመምሽው ስላጠፋሽ አይደለም።» «ምንም አያምሽም» ግን ፈጽሞ አይበሏት። ይህን ለመንገር ሦስት ሳምንት ለእርሷ ዕድሜ ብዙ ነው፤ ቀጠሮው አራት ወይም አምስት ቀን ሲቀረው ይንገሯት። ካወቀች ወይም ከጠየቀች ግን ቀኑን አይጠብቁ።

ጨዋታው ግን ዛሬ ይጀመር። በአቅራቢያዎ ካለ ፋርማሲ መርፌው የተነቀለለት አዲስ ስሪንጅ፣ ጎዝ፣ ፕላስተርና የአፍ ጭንብል ይግዙ፤ ያገለገለ የሕክምና ዕቃ ከየትም ተቀብለው አያምጡ። ያረጀ የአባቷ ነጭ ሸሚዝ ጋዋን ይሆናል። ይህን ሁሉ ከአሻንጉሊቷ ጋር ምንጣፍ ላይ ያስቀምጡና ወንበር ላይ ሳይሆኑ መሬት ላይ ይቀመጡ። ከዚያ በኋላ ያለው ከባዱ ሥራ ምንም አለማድረግ ነው። «ዶክተሯ ማን ናት? ታካሚውስ?» ብለው ይጠይቁና ሚናውን እርሷ ታከፋፍል። ባለቤትዎ ታካሚ ይሁኑ የሚል ሐሳብ አለኝ። ምንጣፉ ላይ ይተኙ፤ ልጅቷ ስሪንጁን ይዛ ስትመጣ ጀግና ሳይሆኑ «ዶክተር፣ ትንሽ ፈርቻለሁ፤ ያማል እንዴ?» ይበሏትና የምትመልሰውን ይስሙ። የምትሰጠው መልስ እርሷ ራሷ ልትሰማው የምትፈልገው ቃል ሊሆን ይችላል፤ በቀጠሮው ቀን ይጠቅማችኋልና ልብ ይበሉት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጨዋታው ጭካኔ ሊመስል ይችላል። አሻንጉሊቷ ሃያ ጊዜ ትወጋለች፤ አባትየውም ይጮኽባቸዋል። እውነተኛ ሰው እስካልተጎዳ ድረስ «ቀስ በይ»፣ «ዶክተር እንዲህ አያደርግም» እያሉ አያርሟት፤ የምታዩትን ብቻ በቃል ይግለጹላት፦ «ይቺ አሻንጉሊት መያዟን አልወደደችውም።» ቀስ በቀስ ነገሩ መልኩን ይለውጣል፤ አንድ ቀን ከተወጋች በኋላ ፕላስተር ይለጠፍላታል፣ ውኃ ይሰጣታል፣ ራሷ ይዳሰሳል፣ «አይዞሽ» ትባላለች። እኔ በሥራዬ የምጠብቀው ያቺን «አይዞሽ» ነው። «አይዞሽ» ከመጣች በኋላ አዲስ ነገር መጨመር ይቻላል፤ አሻንጉሊቷ ጭንብሉን አድርጋ ፊኛ እንደምትነፋ ሁሉ በረጅሙ ትተንፍስ፤ ለቀዶ ሕክምናው ያለቁርስ መቅረት የግድ ነውና አሻንጉሊቷም አንድ ጠዋት «ዛሬ ቁርስ የለም፤ ስነቃ ነው የምበላው» ትበል። ከሩብ ሰዓት ብዙም አይለፍ፤ ልጅቷ «በቃ» ስትል በቃ ነው። ሳምንታት አልፈው ጨዋታው ምንም ሳይለወጥ እንዳለ ቢደጋገም፣ በዚያ ላይም ሌሊት እየባነነች ብትጮኽ ወይም ትታው የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት ብትጀምር፣ የሕፃናት የሥነ ልቦና ባለሙያ ቢያያት ይሻላል።

ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ምንም ሕክምና በሌለበት አንድ ቀን ሆስፒታሉን ታየው። አስቀድመው ክፍሉን የምትመራውን ሲስተር ያነጋግሩ፤ ልጅቷ እስክትተኛ ድረስ አንድ ወላጅ አብሯት መግባት ይችል እንደሆነ፣ ስትነቃስ ማን አጠገቧ እንደሚሆን ይጠይቁ፤ ያልተፈቀደውን «አብሬሽ ነኝ» ብለው ቃል እንዳይገቡ ነው። ካርድ ክፍሉን፣ የምትቀመጥበትን አግዳሚ ወንበርና የምትገባበትን በር ትይ። ሲመለሱ ፒያሳ ኬክ ይብሉ፤ ያን ቀን ኬኩ ኬክ ብቻ ይሆናል።

በዕለቱ ካኑላ (መድኃኒትና ግሉኮስ እንዲሰጥበት ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ) የሚገባላት ከሆነ አልጋ ላይ አስተኝቶ ለሦስት መያዝ መጀመሪያ የሚመጣ አማራጭ መሆን የለበትም። አባቷ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ አቅፈው ይያዟት፤ ለሲስተሯ የምትዘረጋው አንድ እጇን ብቻ ይሁን። አንድ ሰው ብቻ ያናግራት፤ ሁሉም «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ሲላት አደጋ ያለ ይመስላታል። እውነተኛ ምርጫ ይስጧት፤ ትወጋ ወይስ አትወጋ የሚለው ምርጫ የእርሷ አይደለም፤ መርፌውን ማየት ወይም ፊቷን ማዞር ግን የእርሷ ነው። ለማዘናጋት የስልክ ቪዲዮ መጥፎ አይደለም፤ ከዚያ የሚሻል ግን በእጃችን አለ። እርሷ «እንቆቅልሽ?» ትበል፣ እርስዎ «ምን አውቅልሽ?» ይበሉ፤ አውቀው ይሸነፉና «አገር ስጪኝ» ስትል ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጅማን ያስረክቧት። መርፌ እየገባላት አገር የምትቀበል ልጅ አይቻለሁ፤ እያለቀሰችም ቢሆን ሦስተኛውን አገር ሳትረሳ ጠይቃለች። ልጅዎም ብታለቅስ ዝግጅቱ ከሸፈ ማለት አይደለም፤ «ጎበዝ ልጅ አታለቅስም» የሚል ሰው ካለ በትሕትና ያስቁሙት።

ቤት ስትመለሱ ያደረገችውን ነገር ለይተው ያውሩላት፤ በደፈናው «ጎበዝ ነበርሽ» ከሚል ቃል ይልቅ «እጅሽን ዘርግተሽ እስከ ሰባት ቆጠርሽ» የሚለው ይበልጣል፤ ልጅ የሚቀጥለውን መርፌ የሚያገኘው ስላለፈው በያዘው ትዝታ ነው። ጉሮሮዋ እስኪሽር ቀናት ይወስዳልና ስለ ምግቡ ሐኪሙ ያዘዛችሁን ተከተሉ። አሻንጉሊቷም በዚያው ሳምንት ቶንሲሏ መውጣቱ አይቀርም፤ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ልትታከም ትችላለች። ተራው ለእናትዎ ሲደርስ «እማማ፣ አፍሽን ክፈቺ» ይባላሉ፤ ወገቤን ሳይሉ ምንጣፉ ላይ ወርደው ይክፈቱላት።