ፊልማችሁን አሳጥሩት፤ ለመጨረሻ ዓመት የአኒሜሽን ተማሪዎች

ልጆቼ፣

በዚህ ሰሞን የት ላይ እንዳላችሁ ይገባኛል። የመመረቂያ ፊልማችሁ ሐሳብ ጸድቆላችኋል። ሦስት ገጸ ባሕርያት አሉት። የአንደኛዋ ፀጉር ወገቧ ድረስ ነው። ዝናብ አለ፣ የሕዝብ ግርግር አለ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከተማውን የሚያጥለቀልቅ ጎርፍ አለ። አማካሪያችሁ «ትንሽ አልበዛም?» ሲሏችሁ «እንወጣዋለን» ብላችሁ መልሳችኋል።

አትወጡትም። ላሟርትባችሁ ፈልጌ አይደለም፤ ስሌቱን ስለማውቀው ነው። በዚህ ሙያ ሸብቻለሁ፤ የተማሪ ፊልም በመገምገምም ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ። ሳይጨርሱ ከቀሩት ውስጥ ችሎታ ያነሰው ብዙም አላየሁም። ፊልሙ ነው ከአቅማቸው በላይ የነበረው።

እስቲ ስሌቱን አብረን እንሥራው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ነው። የሦስት ደቂቃ ፊልም 4,320 ፍሬም ይሆናል ማለት ነው። በስሪዲ የምትሠሩ ከሆነ፣ አንዱ ፍሬም ሬንደር ለመደረግ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ምስል አስልቶ ለማውጣት፣ 15 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ረጅም ፀጉርና ዝናብ ላለበት ፊልም ይህ የቸር ግምት ነው። ድምሩ 1,080 ሰዓት ይመጣል። አንድ ኮምፒውተር ሌት ተቀን ሳያርፍ 45 ቀን ይሠራል። ያውም ምንም ካልተበላሸ። የሆነ ነገር ግን መበላሸቱ አይቀርም፤ የገጸ ባሕርዩ ክንድ ሸሚዙን በስቶ ይወጣል፣ ቴክስቸሩ (የላዩ ቀለምና ገጽታ) ጠፍቶ ግድግዳው ደማቅ ሮዝ ሆኖ ይመጣል። ከዚያ እንደገና ከሀ ይጀመራል።

በእጅ የምትስሉትም አላመለጣችሁም። አንዱን ሥዕል ለሁለት ሁለት ፍሬም ብታቆዩት እንኳ በሰከንድ 12 ሥዕል ያስፈልጋችኋል። ለሦስት ደቂቃ 2,160 ሥዕል ነው። ይህ ለአንድ ገጸ ባሕርይ ብቻ ሲሆን፣ መስመር ማጥራቱና ቀለም መቀባቱ ገና አልተቆጠረም።

አሁን ፊልሙን ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል አውርዱት። ሁሉም በግማሽ ቀነሰ። «የተረፈውን ጊዜ ምን እናድርግበት?» ካላችሁ፣ እንቅስቃሴውን ደጋግማችሁ አስተካክሉበት። የሚታየው እሱ ነው። ጎርፉን ማንም አያስታውሰውም።

ፒክሳር የተባለው የአኒሜሽን ስቱዲዮ በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ሉክሶ ጁኒየር ሳታዩት አትቀሩም። ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ሁለት የጠረጴዛ መብራቶች፣ አንድ ኳስ፣ ከኋላቸው ባዶ ጨለማ። መብራቶቹ ዓይን የላቸውም፣ አፍ የላቸውም፣ ቃል አይተነፍሱም። የትኛው ወላጅ፣ የትኛው ልጅ እንደሆነ ግን አንድ ሰው አይጠፋውም። ትንሹ እንዴት እንደሚዘል፣ ትልቁ እንዴት ጎንበስ ብሎ እንደሚመለከት ማየት ይበቃል። ያ ፊልም ለኦስካር ታጭቷል። በዚያ ዘመን በነበረ ማሽን ጎርፍ እንሥራ ቢሉ ኖሮ ዛሬ ስማቸውን አናነሣም ነበር።

«እንቅስቃሴ» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ነገር ላሳያችሁ። ሰው ከወንበር ሲነሣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሳቃችሁ አይደል? እንግዲያው አሁን የተቀመጣችሁበት ወንበር ላይ ጀርባችሁን ቀጥ አድርጉ፤ እግራችሁን ወደፊት ዘርጉ፤ ሳታጎነብሱ ተነሡ። እምቢ አላችሁ። ሰው ሲነሣ መጀመሪያ እግሩን ወደ ወንበሩ ሥር ይሰበስባል። ደረቱን ወደፊት ያጋድላል፤ ራሱ ከጉልበቱ አልፎ ይሄዳል። ክብደቱ እግሩ ላይ ካረፈ በኋላ ነው መቀመጫው ከወንበሩ የሚላቀቀው። ቀጥ የሚለው ከሁሉም በኋላ ነው። በየዓመቱ የማያቸው የተማሪ ገጸ ባሕርያት ግን ጣሪያ ላይ ያለ ሰው በገመድ የሳባቸው ይመስል ሽቅብ ይንሳፈፋሉ። ተመልካቹ ምን እንደጎደለ ሊነግራችሁ አይችልም። «የሆነ ነገር ደስ አላለኝም» ብሎ ያልፋል።

ይህ ገና የሰውነት ሕግ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ነው ሥራችሁ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንት መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ ተጭነው፣ አንዴ ሞክረው፣ ትንፋሽ ሰብስበው ይነሣሉ። ስሟ ሲጠራ ስትጠብቅ የቆየች ልጅ ደግሞ ጥሪው ሳያልቅ ግማሽ ተነሥታለች። የተቀየመ ሰው ሆን ብሎ ይዘገያል፤ ዓይኑን ከጠራው ሰው ላይ ሳያነሣ። ያው አንድ ወንበር ነው፤ ሦስት የተለያየ ሰው አየን። አንድም ንግግር አልተጻፈም።

ስለዚህ ስልካችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፉና ራሳችሁን ቅረጹ። ከፊትም ከጎንም። «ሪፈረንስ (ለማመሳከሪያ የተቀረጸ ቪዲዮ) መጠቀም ማጭበርበር ነው» የሚላችሁን ጓደኛ ጆሮ አትስጡት። ፍሬም በፍሬም መገልበጥ ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ ሥራው ሕይወት የለሽ ይሆናል። ቪዲዮውን አይታችሁ ዋና ዋናዎቹን ፖዞች (አቋሞች) ምረጡ፣ ከዚያ አጋኗቸው። ዓይን ከራስ ቀድሞ እንደሚዞር፣ በመሐል ብዙ ጊዜ አንዴ እርግብ እንደሚል የምታገኙትም እዚያው ነው።

አኒማቲክ ላይ፣ ማለትም ረቂቅ ሥዕሎቹ ተደርድረው እንደ ፊልም በሚታዩበት ሙከራ ላይ፣ አትቸኩሉ። ብዙ ተማሪ ስቶሪቦርዱን (ታሪኩን በተከታታይ ሥዕል) እንደጨረሰ ወደ ሞዴል ሥራ ይሮጣል፤ ሞዴል መሥራት ስለሚያስደስት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ። ፊልሙ የሚድነውም የሚሞተውም አኒማቲክ ላይ ነው። ረቂቅ ሥዕሎቻችሁን በትክክለኛው ሰዓት ደርድሩ፤ ጊዜያዊ ድምፅ አስገቡበት። ከዚያ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሳዩት፣ እናንተም ዝም በሉ። ሲጨርስ «ወደድከው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለይሉኝታ ሲል ይወደዋል። «ምን ሆነ?» በሉት። የሚነግራችሁ ታሪክ እናንተ ካሰባችሁት የተለየ ከሆነ፣ ማስረዳት አትጀምሩ። ለተመልካች ሁሉ አጠገቡ ቆማችሁ ልታስረዱ አትችሉም። በእርሳስ የተሠራ ሾት (አንድ የፊልም ቁራጭ) መጣል ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ሪግ (ሞዴሉን የሚያንቀሳቅሰው አጽም) ተሠርቶለት፣ መብራት ገብቶለት፣ ግማሹ ሬንደር ሆኖ ሲጣል ግን ያስለቅሳል።

ያላለቀ ሥራ ማሳየትም ልመዱ። ስቱዲዮ ስትገቡ ዴይሊስ የሚባል ስብሰባ አለ። እያንዳንዱ አኒሜተር የደረሰበትን፣ ገና በብሎኪንግ (ዋና ዋና አቋሞች ብቻ በተቀመጡበት ደረጃ) ላይ ያለውን ሾት ሳይቀር ሰው ፊት ያቀርባል። ሥራውን ደብቆ አሳምሮ ሊያመጣ የሚያስብ ሰው እዚያ ብዙ አይቆይም። ምክንያቱም የተሳሳተውን ነገር ነው ሲያሳምር የሚሰነብተው። አማካሪያችሁ ዘንድ ከመድረሳችሁ በፊት ፊልሙ ማለቅ አለበት የሚለውን ሐሳብ እርሱት።

የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል ስለሚለው ክርክር አጭር ነገር ልበል። ፍሎው የተባለው የ2024 ፊልም የተሠራው በብሌንደር ነው፤ ማንም በነፃ አውርዶ በሚጠቀመው። በ2025 ለረጅም አኒሜሽን ፊልም የሚሰጠውን ኦስካር ወሰደ። ክርክሩ በዚህ ይዘጋ።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ትጠይቁኛላችሁ። ትምህርት ቤታችሁ ምን እንደሚፈቅድ አንብቡ፤ የተጠቀማችሁበትንም አትደብቁ። ከዚያ ባለፈ የእኔ ሐሳብ ይኸው፦ ሥራ ስትቀጠሩ ዳይሬክተሩ «እጁ ሁለት ፍሬም ዘግይቶ ይድረስ» ይላችኋል። ይህን ማስተካከል የሚችለው እጁ ለምን እንደዘገየ የገባው ሰው ነው። ያ መግባት ደግሞ በልምምድ እንጂ በሌላ አይመጣም።

አሁን ወደ አሰልቺው እንምጣ፤ ባክአፕ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂ። በ1998 እ.ኤ.አ. ፒክሳር ውስጥ የቶይ ስቶሪ 2 ፊልም ሥራ በመካሄድ ላይ እያለ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ የፊልሙን አብዛኛውን ፋይል ከሰርቨሩ አጠፋው። ባክአፕ አለን ብለው ሲሄዱ፣ ባክአፑም በትክክል ሲሠራ እንዳልነበር ታወቀ። ያዳናቸው ከቤቷ ትሠራ የነበረች አንዲት የሥራ ባልደረባቸው ናት፤ በቅርቡ ወልዳ ስለነበር ቤቷ ባለው ኮምፒውተር ላይ የፊልሙ ቅጂ ነበራት። ያን ያህል ገንዘብና ባለሙያ ያለው ድርጅት እንዲህ ከሆነ፣ የእናንተ አንድ ላፕቶፕ ምን ዋስትና አለው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ። አንዱ ሌላ ቤት ወይም ኢንተርኔት ላይ ይቀመጥ። በየሳምንቱም ከቅጂዎቹ አንዱን ከፍታችሁ መሥራቱን እዩ፤ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ አለኝ አይባልም።

ፋይል ስትሰይሙም «ፋይናል»፣ «ፋይናል አዲስ»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» የሚለውን ነገር ተዉት። የሾቱ ቁጥር፣ የቅጂው ቁጥር፣ አለቀ። ሬንደር ስታደርጉ ደግሞ በቀጥታ ወደ ቪዲዮ አታውጡ፤ እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻው ምስል አድርጋችሁ አውጡ። መብራት ቢጠፋ ወይም ኮምፒውተሩ ቢዘጋ ከቆመበት ፍሬም ትቀጥላላችሁ። ቪዲዮ ሲሆን ግን ግማሽ ላይ የተቋረጠ ፋይል ብዙ ጊዜ አይከፈትም።

ከጓደኛ ጋር የምትሠሩ ማን ምን እንደሚሠራና ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ ገና ፍቅር ሳለ በጽሑፍ ያዙ። ሙዚቃ የሚሠራላችሁ ሰው ካለም ፊልሙ ፌስቲቫል ላይ እንዲታይ ፈቃዱን አስፈርሙት። ለፊልሙ ምርቃት ማታ ሁሉም ሰው ደግ ነው፤ ጭቅጭቁ የሚመጣው ሽልማት ሲገኝ ነው።

እንቅልፍን በተመለከተ እናታችሁ የሚሉትን እኔም እደግመዋለሁ፤ ተኙ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተስተካከለ ሾት ጠዋት ሲታይ ተበላሽቶ ነው የሚገኘው።

መጨረሻ ላይ ስለ ሾው ሪል፣ ማለትም ሥራ ስትፈልጉ ስለምታሳዩት የምርጥ ሾቶቻችሁ ስብስብ። ፊልማችሁና ሪላችሁ አንድ አይደሉም። ሪሉ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይለፍ። ምርጡ ሾት መጀመሪያ ላይ ይግባ፤ ለማሳረጊያ ብላችሁ አታስቀምጡት፣ ብዙ ገምጋሚ እዚያ ድረስ አይቆይም። የሚያጠራጥራችሁ ሾት ካለ ይውጣ። እኔ ሪል ስመለከት ከሁሉም ደካማው ላይ ነው ዓይኔ የሚያርፈው፤ ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው። አኒሜተር ሆናችሁ ለመቀጠር ከፈለጋችሁ ሬንደር ያልሆነ፣ ግራጫ ሞዴል ላይ ያለ ሾት ማስገባት ነውር የለውም፤ እንቅስቃሴው ካማረ ፀጉሩን የሚጠይቃችሁ የለም። በቡድን የሠራችሁት ከሆነ «እዚህ ላይ እንቅስቃሴውን ብቻ ሠርቻለሁ» ብላችሁ ሥሩ ላይ ጻፉ። ስማችሁንና ኢሜይላችሁን ደግሞ መጀመሪያም መጨረሻም አስገቡ። ግሩም ሪል አይቼ፣ ልጠራው ስል የማን እንደሆነ ያጣሁት ልጅ አለ። እስካሁን አላገኘሁትም።