ዋላስን አሳልፎ የሰጠው ማን ነው?

ጥያቄ፦ እንግሊዞችን የተዋጋውን የስኮትላንዱን ዊልያም ዋላስን ለእንግሊዞች አሳልፎ የሰጠው የገዛ አገሩ መኳንንት ነው ሲባል እሰማለሁ። ሰውየው ማን ነው? እውነት ባንዳ ነበር ወይስ ስሙ በከንቱ ነው የጠፋው?

መልስ፦ ሰውየው ሰር ጆን መንቲዝ ይባላል። አዎ፣ ዋላስን ይዞ አስረክቧል። ስሙ በከንቱ ጠፋ ብዬ አላምንም፤ ብቻውን መወቀሱ ግን ልክ አይመስለኝም።

በ1304 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ማን ለማን አድሮ እንደነበር ይመልከቱ። በኋላ ነጻ አውጪ የተባለው ሮበርት ብሩስ ከሁለት ዓመት በፊት ለእንግሊዙ ንጉሥ ለቀዳማዊ ኤድዋርድ ገብቷል። ሌላው መኳንንት ጆን ኮሚንም በ1304 ገባ። መንቲዝ ራሱ በ1296 በደንባር ጦርነት ላይ ተማርኮ፣ ፍላንደርስ ዘምቶ ለኤድዋርድ ሊዋጋ ተስማምቶ ነው የተፈታው፤ ከዚያ ወደ ወገኖቹ ተመለሰ፣ ቆይቶ ደግሞ እንደገና ገባ። ክላይድ ወንዝ ዳር ቋጥኝ ላይ ያለውን የደምባርተን ምሽግ እንዲጠብቅም ተሾመ። ዋላስ ግን ምሕረት አልተደረገለትም። ንጉሡም ከገቡት መኳንንት ለአንዳንዶቹ፣ ዋላስን የያዘ የበለጠ ይጠቀማል አላቸው።

ኦገስት 1305 ዋላስ ግላስጎው አጠገብ ሮብሮይስተን በምትባል ቦታ ተያዘ። አፈ ታሪኩ ምልክቱ ዳቦ ነበር ይላል፤ ገበታው ላይ ያለው ዳቦ ሲገለበጥ ተነሥተው ያዙት። ከዚያ ወዲህ መንቲዝ የሚባል ሰው በተቀመጠበት ማዕድ ዳቦ መገልበጥ እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር ይባላል።

ኦገስት 23 ለንደን፣ ዌስትሚንስተር አዳራሽ አቀረቡት። ክሱ ክህደት ነው። ዋላስም ለኤድዋርድ ምዬ ስለማላውቅ ከዳኸው ልባል አልችልም ብሎ ተከራከረ። በዚያው ቀን ስሚዝፊልድ ላይ ሰቅለው፣ ቆራርጠው ገደሉት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሽልማቱ ነው። ዋላስን ሰልሎ ለጠቆመው አሽከር 40 ማርክ (የዘመኑ የገንዘብ መለኪያ)፣ ሲያዝ ለነበሩት እንዲካፈሉት 60 ማርክ፣ ለመንቲዝ ደግሞ በዓመት 100 ፓውንድ የሚያስገባ መሬት። ፈርቶ ነው፣ ሹመቱ አስገድዶት ነው ቢባል እንኳ፣ መሬቱን ምን ብሎ ተቀበለ? ባንዳ የምለው እዚህ ላይ ነው። እነ ብሩስም ገብተዋል፣ ግን በዋላስ ደም መሬት አልተቆረጠላቸውም።

መንቲዝ በኋላ ወደ ብሩስ ዞረ፣ ብሩስም ተቀበለው። በ1320 ስኮቶች ከእኛ 100 ሰው እንኳ እስከተረፈ ድረስ ለእንግሊዝ አንገዛም ብለው ለካቶሊኩ ርዕሰ ጳጳሳት ለዮሐንስ 22ኛ በላኩት ደብዳቤ ላይ ስሙ ከመኳንንቱ ጋር ተጽፏል። የደብዳቤው ቅጂ ዛሬም ስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ አለ፤ የመንቲዝን ስም እዚያው ያገኙታል።