ፓራፋንጎ ሳይኖርህ ሰማይን አትማ

ሐዋሳ ለሳይክል የተመቸች ከተማ ናት። ሜዳ ናት፣ መንገዷ ሰፊ ነው፣ ጥላ አላት። ሰማይዋ ግን ስለ ሳይክል የሰማው ነገር ያለ አይመስልም። በልግ ከገባ ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ውሃ ውሃ ይላሉ። እኔም ይህን የምጽፈው ካልሲዬን መስኮት ላይ አስጥቼ ነው። ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው እነሆ።

ጠዋት ስልኬ “የዝናብ ዕድል 40 በመቶ” አለኝ። ከግማሽ በታች ነው ብዬ ያለ ዝናብ ልብስ ወጣሁ። 10 ሰዓት ላይ ስመለስ መቶ በመቶ በሰበስኩ። ማንን ልክሰስ? (ከአቶቴ)

ስልኩን ተወው፣ አልዋሸህም። 40 በመቶ ማለት እንደዚያ ዓይነት 10 ቀን ቢመጣ በ4ቱ ይዘንባል ማለት ነው። አንተ ከ4ቱ በአንዱ ወጣህ። አንዳንዱ ሰው ዝናቡ 40 በመቶ ያህል ቀነስ ብሎ የሚመጣ ይመስለዋል። ዶፍ እንደዚህ ዓይነት ይሉኝታ የለውም።

ደግሞ እዚህ አካባቢ ብዙው ዝናብ ከሰዓት በኋላ የሚበስል ነው። ፀሐይ ጠዋት መሬቱን ታግላለች። የሞቀው አየር እርጥበቱን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ይለቀዋል፣ ልክ አንተ ከሥራ ስትወጣ። ስለዚህ ጠዋት ሰማዩ ኩልል ብሎ ብታየው አትኩራራ፤ ምጣዱ እየተጣደ ነው። ከምሳ በኋላ ቀና ብለህ እይ። ደመናው ሥሩ ጠቁሮ አናቱ እንደ ሊጥ ኩፍ እያለ ከሆነ፣ ከስልክህ ይልቅ እሱን እመነው።

ቤቴ ሐይቁ አጠገብ ነው፣ ሥራዬ በምሥራቅ በኩል። በማለዳ ስሄድ ንፋሱ ፊቴን ይለኛል። ከሰዓት ስመለስም ፊቴን። መተት ተሠርቶብኝ ይሆን?

ወንድሜ፣ አንተስ እውነትም ተሠርቶብሃል። የሠራብህ ግን ሐይቁ ነው።

ቀን ላይ መሬት ከውሃ ቀድሞ ይሞቃል። በመሬቱ ላይ ያለው አየር ሲነሳ ከሐይቁ ቀዝቀዝ ያለው አየር ቦታውን ሊይዝ ይገባል። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል፤ መሬቱ ቶሎ ይበርዳል፣ ንፋሱ ከመሬት ወደ ሐይቅ ይሄዳል፤ ፀሐይ ጠንከር እስክትል ድረስም አይተውም። ሐይቃችን ደግሞ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። እንግዲህ ደምረው። በማለዳ ወደ ምሥራቅ ትነዳለህ፣ ንፋሱ ወደ ምዕራብ ይመጣል። ከሰዓት ወደ ምዕራብ ትመለሳለህ፣ ንፋሱ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። በተቃራኒው ምሥራቅ ኖሮ ሐይቅ ዳር የሚሠራ ሰው ሲሄድም ሲመለስም ከኋላው ይገፉታል። እንዲህ ያለ ሰው ካገኘህ ቤት ተለዋወጡ። የማለዳው ንፋስ ለነገሩ ደካማ ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል አርፍደህ ብትወጣ ግማሹን መተት ታከሽፈዋለህ። አለቃህን ማሳመኑ የእኔ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛ ነገር፦ “ስሄድ ቢከፋም ስመለስ ይክሰኛል” የሚሉ አሉ። አይክስም። 6 ኪሎ ሜትር መንገድ ውሰድ። ያለ ንፋስ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ብትነዳ፣ ደርሶ መልሱ 36 ደቂቃ ነው። አሁን ንፋስ ጨምርበት። ሲቃወምህ በ10 ትሄዳለህ፣ ሲገፋህ በ30። መሄጃው 36 ደቂቃ፣ መመለሻው 12፣ በድምሩ 48። ከ48ቱ ደቂቃ 36ቱን የተራገምክበት ነው። ንፋሱ ሁሌ ፊቴን የመሰለህ በከንቱ አይደለም፤ የኖርከው እዚያው ውስጥ ነው። በዚህ ላይ ፊትህን የሚመታው አየር ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚይዝህ ኃይል አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ አትታገለው። ጎንበስ በል፣ ማርሽ ካለህ አቅልል፣ ጃኬትህን ቆልፈው። ተከፍቶ የሚውለበለብ ጃኬት ሸራ ነው።

ሳይክሌን ባጠብኩ ቁጥር ይዘንባል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

አላውቅም፤ ግን በቆሎ የዘራ ገበሬ እንዳይሰማህ። በየቀኑ እያስመጣ ያሳጥብሃል።

ጓደኞቼ ፓራፋንጎ ፋራ ያስመስላል ብለውኝ ሁለቱንም ፈታሁ። አሁን በዘነበ ቁጥር ጀርባዬ ላይ ከወገቤ እስከ ማጅራቴ የጭቃ መስመር ይሰመራል። መፍትሔ? (ከመናኸሪያ)

መፍትሔውን ራስህ ፈትተህ አስቀምጠኸዋል፤ መልሰህ እሰረው። የኋላ ጎማ ውሃና ጭቃ ያነሳል፣ ሲሽከረከር ወደ ላይ ይወረውራል፣ ላይ ያለኸው ደግሞ አንተ ነህ። ሌላ ሚስጥር የለውም። እኔ የሚገርመኝ ሸሚዙን በየቀኑ የሚያጥብ ሰው “የሐዋሳ ዝናብ ክፉ ነው” ሲል ነው። ዝናቡ ከላይ ነው የመጣው፤ ጭቃው ከታች ነው። ጓደኞችህ ፋራ ካሉህ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ከኋላህ እንዲከተሉህ ጋብዛቸው።

ሲዘንብ ፍሬኑ እምቢ ይለኛል። ባለፈው አንዲት ባጃጅ ውስጥ ልገባ ነበር።

ሂሳብ ሳትከፍል! ቸርኬውን በጎማ ጨብጦ የሚይዝ ፍሬን ከሆነ፣ ቸርኬው ሲረጥብ መጀመሪያ ውሃውን መጥረግ አለበት። ቸርኬው ጥቂት ዙር እስኪዞር አይዝልህም። ስለዚህ ቀድመህ ጀምር፤ ሁለቱንም በቀስታ ነካ ነካ እያደረግህ አድርቀው፣ ከዚያ ያዝ። ድንገት አትጨብጥ። ከሁሉ የምትፈራው ደግሞ የዝናቡን የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነው። አቧራውና የመኪና ዘይቱ ከውሃው ጋር ተለውሶ አስፋልቱን ሳሙና ያስመስለዋል። ኮብልስቶንና የተቀባ የዜብራ መስመር ላይ መሪህን አትጠምዝዝ። ጃንጥላ ይዘህ በአንድ እጅ የምትነዳ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ የነገርኩህ በከንቱ ነው።

ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት በሳይክል በስብሶ ይመጣል። “ብርድ ይመታሃል” ስለው “ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው” ይለኛል። ማን ነው ልክ?

እናቴ፣ በዚህኛው ልጅዎ ረትቶዎታል። ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ ከደመና አይወርድም። ቢሆንም ርጥብ ልብስ ሰውነት ያቀዘቅዛልና “ግባና ቀይር” የሚለው የእርስዎ ትእዛዝ ይጽናል። እኔ ይልቅ ለመብረቁ ነው የምፈራለት። ብልጭ ሲል ይቁጠር። 3 ሰከንድ ወደ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 30 ሳይሞላ ነጎድጓዱ ከተሰማው ከሳይክሉ ወርዶ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ይግባ። ዛፍ ሥር ፈጽሞ እንዳይቆም። “ጎማው ያድነኛል” ካለዎት አያድነውም።

ጳጉሜ 3 ቀን ግን አይቆጡት። እርስዎም በልጅነትዎ የሩፋኤልን ዝናብ ፈልገው ወጥተው እንደዘለሉበት እገምታለሁ።

እናንተ ሐዋሳዎች ስለ ንፋስ ስታወሩ እንስቃለን። ኑና አዳማን ንዷት!

እጅ ሰጥተናል። አገር ንፋስ ሲቸግረው የመጣው እናንተ ጋ ነው። የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹን ቁጠር፦ አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት፣ በሁለቱ 136 ተርባይን ተተክሏል። አንተ 137ኛው ነህ። እነሱ ባሉበት ቆመው ይሽከረከራሉ፤ አንተም ሽቅብ ስትነዳ እንደዚያው። ልዩነቱ እነሱ ቆጣሪ አላቸው።

ፒያሳ ከአንዲት ልጅ ጋር ቀጠሮ ነበረኝ። ከአላሙራ በኩል ስመጣ ዶፍ ያዘኝና 40 ደቂቃ በረንዳ ሥር ቆምኩ። ፒያሳ ስደርስ አስፋልቱ ደረቅ፣ ፀሐዩ ጠራራ። “የምን ዝናብ?” ብላ ተነስታ ሄደች። ምን ላድርግ?

እሷም ልክ ናት፣ አንተም። እንዲህ ያለ የከሰዓት ደመና ጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ብቻ ሊኖረው ይችላል። አንዱ ሰፈር ጎርፍ ሲወርድ ሌላው ሰፈር ልብስ ያሰጣል። መሀል ላይ ያለው ደግሞ ፀሐይና ዝናብ አንድ ላይ ይመጣበትና “ጅብ ወለደች” ይላል። ይህንን ልታስረዳት ብትሞክር ግን በሜትዮሮሎጂ የምታመካኝ ሁለተኛ ውሸት ይመስልብሃል።

ማስረጃ ነው የሚያስፈልግህ። ሌላ ቀን ቅጠራት። ከዘነበ እንደበሰበስክ ሂድ። ሰላም በላትና ምንም ሳትናገር ጀርባህን አዙርላት። ከወገብህ እስከ ማጅራትህ ያለውን መስመር አይታ የማታምን ሰው የለችም። ለመናኸሪያው ልጅ ስለ ፓራፋንጎ ያልኩትን አንተ ለጊዜው አልሰማህም።