መልስ፦ የሀበሻ ቀሚስ ጥራት ለምን ወረደ?

እህቴ፣ ለሠርግ የገዛሽው ቀሚስ በመጀመሪያው እጥበት ጥለቱ ለቆ ነጩን አበላሸብኝ ብለሻል፤ በጣም አዝናለሁ። ድሮ ማጉ፣ ማለትም በድሩ መሀል በወርድ የሚገባው ክር፣ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነበር። ዛሬ ገበያውን የሞላው የፋብሪካ ክር፣ ሲብስም ጥለቱ የታተመበት ከውጭ የገባ ፖሊስተር ነው። ይህ የዶርዜ ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ በእጁ ከሚሠራው ጋር በአንድ ስም መሸጡ ሸማኔውንም ገዢዋንም መበደል ነው፤ እኔን በጣም ያናድደኛል።

ሽሮ ሜዳ ስትሄጂ ከጨርቁ ጫፍ ትንሽ ክር ለምነሽ አቃጥዪ፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ይጠጥራል። ጥለቱን በእርጥብ ነጭ መሀረብ ፈተግ አድርጊው፤ ቀለም ከለቀቀ አትግዢ። ከቻልሽ ደግሞ ጨርቁን ከሸማኔው ገዝተሽ ለብቻው አሰፊው።