የበግ ጭንቅላት እንጀራ ይሆናል?

«ደብረ ብርሃን ኬሚስትሪ ማስተርስ እየተማርኩ ነው። አማካሪዬ የመንዝ በግ አንጎል ቅባት ከየትኞቹ ፋቲ አሲዶች እንደተሠራ አጥኚ አለኝ። ከፍሎ የሚያስተምረኝ በግ ነጋዴው ወንድሜ ‹ለውሻ የምንጥለውን ልትመረምሪ?› ብሎ ሳቀ። ትተሽ አስተምሪ ይለኛል። 28 ዓመቴ ነው፤ እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው። በዚህ ርዕስ ማን ይቀጥረኛል?» ብለሽ የጻፍሽልኝ እህቴ፤

ላት ዳብሶ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው በቅባት ምርመራ መሳቁ ገርሞኛል። ለማንኛውም፣ ቀጣሪ ርዕስሽን አይጠይቅሽም። የሚጠይቅሽ በየትኛው ማሽን እንደሠራሽ ነው።

እኔ ዲግሪዬን ይዤ ለመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ስቀርብ ጋዝ ክሮማቶግራፊን፣ ማለትም ፋቲ አሲዶችን ለያይቶ የሚለካውን ማሽን፣ የማውቀው በሥዕል ብቻ ነበር። «ናሙናውን አስገባ» ሲሉኝ መርፌው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ወደቅሁ። ኋላ ላይ ዘይት ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠራሁ፤ ምክሬም ወደዚያ ቢያደላ አትፍረጂብኝ።

የአንጎል ቅባት አስቸጋሪ ነው፤ የወደድኩልሽም ለዚሁ ነው። በውስጡ ያለው ዲ.ኤች.ኤ የሚባለው ፋቲ አሲድ 22 ካርቦንና 6 ድርብ ትስስር አለው። ድርብ ትስስሩ ስለበዛ አየር ካገኘው ቶሎ ይበላሻል። ናሙናሽን ክፍት ትተሽ ሻይ ልጠጣ ካልሽ የምትለኪው የተረፈውን ነው። የነርቭ ክሮችን በሚሸፍነው ማየሊን ውስጥ ደግሞ 24 ካርቦን ያላቸው አሉ። ከማሽኑ የሚወጡት ዘግይተው ነው፤ ቸኩሎ ማሽኑን ያጠፋ ሰው ያመልጡታል። ይህን በትክክል የለካ ሰው የኑግ ዘይት አያስቸግረውም። የኑግ ዋናው ሊኖሌይክ አሲድ 18 ካርቦንና 2 ድርብ ትስስር ብቻ ነው ያለው። የተልባው 3 ቢሆን ነው። ዘይት የሚያመርትም የሚቆጣጠርም ይህን ሙያ ይፈልጋል።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ ገንዘቡን ማሰቡ ነውር የለውም። አንቺ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» እያልሽ አትሸፋፍኚው። ያወጣልሽን ብር ጻፊ። ሥራ ስትይዢ በወር ስንት እንደምትመልሺለት ንገሪው። ዕዳ አለብሽ ማለት ግን ሙያሽን እሱ ይመርጣል ማለት አይደለም።

ማስተማሩ የትም አይሄድብሽም። 28 ዓመትም ዕድሜ ሆኖ አያስጨንቅሽ። እንግሊዝኛው ውጤትሽን ስትጽፊ ይሻሻላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ማሽኑ ይሠራል? ጋዝ አለው? ሰኞ ላብራቶሪ ሂጂና መጨረሻ ያወጣውን የውጤት ወረቀት አሳዩኝ በይ። ቀኑን እይ። ዓመት ካለፈው ሌላ የሚሠራ ማሽን ያለበት ቦታ እንዲልክሽ አማካሪሽን ጠይቂ። እምቢ ካለ ርዕሱን ቀይሪ።